የልጄ ኤምአርአይ ላይ ነጭ ነገር ታየ፤ ማደንዘዣው ይሆን?

የትንሹ እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ 3 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ያለ ትኩሳት ሁለቴ ስለጣለው ኤምአርአይ ታዘዘ። ዝም ብሎ አይተኛም ተባለና ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጠው። ወረቀቱን ጎረቤቴ ተረጎመችልኝ፦ «ፍሌር በሚባለው ምስል በአንጎሉ እጥፋቶች መካከል ያለው ፈሳሽ ነጥቷል፤ ማጅራት ገትር ወይም መድማት ሊሆን ይችላል።» ልጁ ግን ይኸው ሶፋው ላይ ይዘላል! ከጀርባው ውሃ ሊወሰድ ይችላል ተብሏል። ቀጠሯችን ሐሙስ ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

ማሙሽ፦
ማጅራት ገትር ቀልድ አይደለም። ሐሙስን አትጠብቂ።

ፊልም አንባቢው፦
ማሙሽ እውነቱን ነው፤ ትኩሳት፣ ትውከት ወይም መፍዘዝ ከመጣ ዛሬውኑ ይዘሽው ሩጪ። እኔ የሕፃናት ራዲዮሎጂስት ነኝ። ምስሉን ሳላይ «ምንም አይደል» አልልሽም። ጥያቄሽ ግን ልክ ነው።

ፍሌር የተሠራው የአንጎልን ፈሳሽ አጥቁሮ እንዲያሳይ ነው። ደም ወይም መግል ከገባበት ግን ፈሳሹ ይነጣል። ሐኪሙ የፈራው ይህን ነው። ችግሩ፣ ኦክስጅንም እንደዚያው ያደርጋል። በማደንዘዣ የተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ እስከ 100% ኦክስጅን ይሰጠዋል፤ እኛ የምንተነፍሰው አየር ላይ ያለው 21% ነው። ኦክስጅን ደካማ የማግኔት ጠባይ አለው። ወደ ፈሳሹ ሲሰርግ ማሽኑ ፈሳሹን የሚያጠቁርበት ሰዓት ይዛባል። መጀመሪያ ፕሮፖፎል የሚባለው የማደንዘዣ መድኃኒት ነበር የሚታማው፤ በኋላ ዋናው ኦክስጅኑ ሆኖ ተገኘ። ወደ 30% ዝቅ ሲደረግ ንጣቱም አብሮ ይቀንሳል።

እኔም ተማሪ ሳለሁ አንዱን ልጅ በልበ ሙሉነት «ማጅራት ገትር» ብዬ ጻፍኩት። አስተማሪዬ ቀና ብለው «ኦክስጅኑ ስንት ነበር?» አሉኝ። አፈርኩ። ዛሬ ፊልሙን ከማንበቤ በፊት የማደንዘዣውን ወረቀት ነው የምጠይቀው።

ሐሙስ ሁለት ነገር ጠይቂ። ንጣቱ ግራና ቀኝ እኩል ነው ወይ? በአንጎሉ መሃል ያሉት የፈሳሽ ክፍሎችስ ጥቁር ናቸው ወይ? የኦክስጅን ንጣት አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው። ደም ከሆነ ደግሞ ደም የሚለየው ምስል ላይም ምልክት ይጠበቃል።

ማታ ተረኛ፦
ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ። እኛ ጭንቀታችን ትንፋሹ ነው፤ ስለ ፊልሙ ብዙም አናስብ፣ እውነቱን ለመናገር። ግን የኦክስጅኑ መጠን መዝገብ ላይ ይጻፋል። ቅጂ ጠይቂ።

የትንሹ እናት፦
ሄደን መጣን። መዝገቡ 100% ይላል! ሐኪሟ ራዲዮሎጂስቱ ጋ ደውላ ምስሉን እንደገና አስነበበችው። መሃሉ ጥቁር ነው፣ የደም ምልክትም የለም አሏት። እሷም ልጁን በደንብ መረመረችውና የጀርባው ውሃ ለጊዜው ይቅር አለች። ለምን እንደሚጥለው ግን ገና አልታወቀም፤ ኢኢጂ የሚባል የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ ታዟል። ለዚያም ማታ አምሽቶ ይተኛ ተብሏል። ማን ከማን ጋር እንደሚያመሽ እናያለን።