አውራንጋባድን በ3 ቀን፦ ከየት እንጀምር?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
ሰላም ለቤቱ። ኅዳር ላይ ለጉዳይ ሙምባይ ነን፤ ከዚያ 3 ቀን ይተርፈናል። በባርነት ህንድ ገብቶ የጦር መሪ የሆነው የእኛው ሰው ማሊክ አምባር የቆረቆራትን አውራንጋባድን ለማየት አስበናል። አባባም አብረውን ናቸው፣ ደረጃ ይከብዳቸዋል። ቅደም ተከተሉ እንዴት ይሁን? ከኮምቦልቻ ስንነሳስ ምን እንያዝ?

በርከሌ (ኮምቦልቻ)
ከሁሉ በፊት የቢጫ ወባ ካርድ። ህንድ ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰው ትጠይቃለች፤ ክትባቱም ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ የተወሰደ መሆን አለበት። ካልሞላ እስከ 6 ቀን ለይቶ ማቆያ ሊያስገቧችሁ ይችላሉ፣ ሽርሽራችሁም እዚያው አለቀ። በፊት የተከተበ አይደግምም፤ ዋናውን ካርድ ግን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ይያዝ።

ከተማዋ አሁን ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብላለች። ቲኬት ስትፈልጉ በሁለቱም ስም ሞክሩ። ከሙምባይ ባቡሩ 7 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ አውሮፕላኑ 1 ሰዓት።

ቧንቧ ውሃ
ቅደም ተከተሉን የምትወስነው ማክሰኞ ናት። ከዐለት የተፈለፈሉት ዋሻዎች ያሉበት ኤሎራ ማክሰኞ ዝግ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ሆቴል ይይዝና ይቆጨዋል። ማክሰኞ ከወደቀባችሁ ለከተማው ውስጥ አድርጓት።

ኤሎራ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 34 ዋሻ አለ፣ ሁሉንም ልይ ማለት ድካም ነው። በ16ኛው፣ በካይላሳ ቤተ መቅደስ ጀምሩ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ ቋጥኝ፣ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የወጣ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ የወሎ ሰው አሠራሩን ሳይነግሩት ይገባዋል፤ መጠኑ ግን ያስደነግጣል፣ ቁመቱ 30 ሜትር ገደማ። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ለፎቶ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ከግቢው ሆኖ ብዙው ስለሚታይ አባባ አይቸገሩም። ከዚያ 10ኛውን፣ የቡድሂስቶቹን፣ ጨምሩና ይብቃችሁ። አጠገቡ ወዳለው ግሪሽኔሽዋር ቤተ መቅደስ ውስጠኛ ክፍል የሚገባ ወንድ ከወገብ በላይ ልብሱን ያወልቃል፤ ካልፈለጋችሁ ከውጭ ማየት ይቻላል።

ስትመለሱ ኩልዳባድ ላይ ቁሙ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ናት። የወልዮች መቃም የበዛባት፣ ዚያራ የማይቋረጥባት ከተማ ናት። በ1626 እ.ኤ.አ. የሞተው የአምባር መቃብርም እዚያ ነው። የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብም የተቀበረው እዚያው ነው፤ ሹፌሮች የእሱን አሳይተው ሊመልሷችሁ ይችላሉና «ማሊክ አምባር» ብላችሁ በስም ጠይቁ።

የጦሳ ልጅ
ዳውላታባድ ምሽግስ? መንገድ ላይ ነው ተብሏል።

ቧንቧ ውሃ
መንገድ ላይ ነው፤ ጫፉ ግን ለአባባ አይሆንም። ደረጃው ከ700 ያልፋል፣ መሃሉ ላይ የሌሊት ወፍ የሞላበት ጨለማ መተላለፊያ አለ። የጠላት ጦር ተደናብሮ እንዲያልቅበት የተሠራ ነው። ታች ባለው ቻንድ ሚናር በተባለው ረጅም ግንብ ዙሪያ ጥላ ፈልገው ይቀመጡ፤ ጉልበት ያለው በጠዋት ይውጣ።

ሐይቅ ዳር
ከተማው ውስጥ ከውሃው ጀምሩ። አምባር ከተማዋን በ1610 እ.ኤ.አ. ሲቆረቁር ትልቁ ችግር ውሃ ነበር። ከኮረብታዎቹ ሥር የከርሰ ምድር ውሃ ሰብስቦ፣ በመሬት ውስጥ ቦይ በተዳፋት ብቻ አወረደው። ቦዩ ናህር-ኢ-አምባሪ ይባላል። ፓንቻኪ የተባለው የውሃ ወፍጮ ከእሱ በኋላ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቢሆንም ብልሃቱ ያው ነው፦ ውሃው በሸክላ ቧንቧ መጥቶ ከግንብ ላይ ይወርዳል፣ መዘውሩን ያዞራል። በበጋው መጨረሻ ይቀንሳል፤ ኅዳር ጥሩ ጊዜ ነው።

ቢቢ ካ መቅበራን ወደ ማታ አድርጉት። የአውራንግዜብ ሚስት የዲልራስ ባኑ መቃብር ነው። «የታጅ ማሃል ግልባጭ» የሚሉት ነገር አይመቸኝም፤ እምነበረዱ ጉልላቱና የግድግዳው ታችኛ ክፍል ላይ ነው፣ የቀረው በኖራ የተለሰነ ድንጋይ፣ ግን ልስኑ ላይ ያለው ቅርጽ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አትክልቱ በውሃ መስመር በአራት የተከፈለ ነው። መቃብሩ የሚታየው ከላይ፣ በእምነበረድ ወንፊት አሻግሮ ነው።

ለውጭ ዜጋ መግቢያው ኤሎራ 600፣ መቅበራው 300 ሩፒ አካባቢ ነው። ጾመኛ ካላችሁ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ «ቬጅ» የሚል ምግብ ቤት ሥጋ የለውም እንጂ ቅቤና ወተት አይቀርም፣ ስታዝዙ አስቀድማችሁ ተናገሩ።