ለችግኝ የትኛውን የኤልኢዲ መብራት ልግዛ?

ሰላም ናችሁ። ጅማ ነው የምኖረው፣ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ብርቅ ናት። አንድ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነች መደርደሪያ ላይ የቲማቲም፣ የቃሪያና የበሶብላ ችግኝ አፍልቻለሁ።

መጀመሪያ ተራ የ9 ዋት አምፖል ግማሽ ሜትር ከፍ አድርጌ ሰቀልኩ። ቲማቲሙ ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ተመዘዘ፣ እንደ ክር ቀጠነና ተኛ። አምፖሉን ወደ 20 ሳንቲ ሳወርደው መሃል ያሉት ደህና ሆኑ። የዳር ዳሮቹ ግን ያው ናቸው።

ቀጥሎ ካርቶኑ ላይ "1000 ዋት" የሚል ሐምራዊ መብራት ገዛሁ። (ጎረቤቶቼ "ጭፈራ ቤት ከፈትሽ እንዴ?" ብለውኛል።) ነገሩ አላማረኝም። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እሱን ብቻ 5 ሰዓት አበራሁና ቆጣሪውን አየሁ። የበላው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው። 100 ዋት ማለት ነው እንግዲህ! በ3 ሳምንቱ ደግሞ ማራገቢያው ቆመ፣ መብራቱም ተቃጠለ።

አሁን ሁለት ነጭ መብራቶች አግኝቻለሁ፣ ሁለቱም 100 ዋት። አንዱ በጁል 2.7 ማይክሮሞል ይሰጣል ይላል (ከሚበላው ኤሌክትሪክ ለቅጠል የሚሆን ምን ያህል ብርሃን እንደሚያወጣ ማለት ነው)። ሌላው ዋጋው ግማሽ ነው፣ ግን የተጻፈበት 10,000 ሉመን ብቻ ነው። ሉመን ለሰው ዓይን የሚሆን መለኪያ እንጂ ለቅጠል እንዳልሆነ ይገባኛል። የማበራው በቀን 14 ሰዓት ነው፣ ቆጣሪዬም የካርድ ነው። ለዚህች መደርደሪያ ባለ ሉመኑ ይበቃኛል ወይስ ጨክኜ ውዱን ልግዛ?