ጭምብል ለባሹ ገዳይ ለምን አይሰለችም?

አወያይ፦
የዚህ ሳምንት ክርክራችን ስለ ስላሸር ፊልም ነው። ለማያውቅ ሰው፦ ጭምብል ያጠለቀ ባለ ቢላ ወጣቶችን አንድ በአንድ እያሳደደ ይጨርሳል፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ትተርፋለች። በቃ። ታሪኩ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይኸው ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሰው ግን አልሰለቸውም። በ2024 «ቴሪፋየር 3» በ2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ የሳምንቱ አንደኛ ፊልም ሆኗል። ጥያቄው፦ ይህ ተራ መዝናኛ ነው ወይስ በሰው ስቃይ መደሰት? ስድብ ክልክል ነው። የፊልም መጨረሻ መናገር ግን ይቻላል።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ልጀምር። በሰው ስቃይ መደሰት ነው። የምትታረደው ማን ናት? ሴት ልጅ። ለዚያውም የምናያት በገዳዩ ዓይን ነው። ካሜራው ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ያለከልካል፣ እኛም አብረነው እናደባለን። ይህን ያልኩት የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁም። በ1980 ሲስከልና ኢበርት የሚባሉት አሜሪካዊ ሐያስያን በቴሌቪዥን ዝግጅታቸው ላይ ይህንኑ አንስተው ዘምተውበታል። ሁለቱም የለየላቸው ፊልም ወዳጆች ነበሩ።

የቪዲዮ ቤት ልጅ፦
እህቴ፣ ኢበርት እኮ ለ1978ቱ ስላሸር ፊልም ለ«ሃሎዊን» ሙሉ አራት ኮከብ ነው የሰጠው! የተዘመተው በኋላ በመጡት ኮፒዎች ላይ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
የዓይኑ ነገር ልክ ነሽ፣ ግን ግማሹን ነው የነገርሽን። «ሃሎዊን» ሲጀምር በገዳዩ ዓይን እያየን ቤት እንገባለን፣ ደረጃ እንወጣለን፣ ቢላ እናነሳለን። ከዚያ ጭምብሉ ሲወልቅ የ6 ዓመት ሕፃን ሆኖ ይገኛል። እየተደሰተ ሲያይ የነበረ ሰው እዚያ ላይ ይደነግጣል። ፊልሙ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ መጨረሻ ላይ ከምትተርፈው ልጅ ከሎሪ ጋር ነን። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ የሽቦ መስቀያ አጣማ ዓይኑን ስትወጋው ማንም ለገዳዩ አያጨበጭብም። ካሮል ክሎቨር የምትባል ምሁር በ1987 የጻፈችው ይህንኑ ነው። «የመጨረሻዋ ልጅ» ብላ ስም አወጣችላት። ወንዱ ተመልካች ራሱ መጨረሻ ላይ ከልጅቷ ጋር ሆኖ ነው የሚፈራው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ታዲያ ለምን እሷ ብቻ ተረፈች? አትጠጣም፣ ወንድ አታመጣም፣ ሕፃን ትጠብቃለች። ጓደኞቿ ተዝናኑና ሞቱ። ይህ የአባቶች ቁጣ እንጂ ምኑ ለሴት መቆም ነው?

የሌሊት ተረኛ፦
ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር ይህን ትርጉም አልተቀበለም። ሎሪ የተረፈችው አካባቢዋን ስለምታይ ነው ባይ ነው። የልጃገረዶቹን ንግግር የጻፈችውም ደብራ ሂል ናት፣ ሴት ናት። ግን አልዋሽም፣ ተከትለው የመጡት ብዙዎቹ አንቺ ያልሽውን ነው የሠሩት። እዚያ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ።

ጋሼ ታክሲ፦
ልጆች፣ እናንተ የምትከራከሩት ቤት ቁጭ ብላችሁ ስላያችሁት ነው። እኔ በ80ዎቹ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ስነዳ ሲኒማ ቤት ገብቼ ነበር የማየው። ስክሪኑን ማን ይሰማል! አዳራሹ በሙሉ ይጮሃል። «ከኋላሽ ነው!» «በሩን አትክፈቺ አንቺ ጅል!» የማላውቀው ሰው ክንዴን ጨብጦኝ ፋንዲሻውን ደፋብኝ። ከዚያ ሁላችንም እየሳቅን ወጣን። በዚያን ጊዜ እንግዳ አገር ነው፣ ከሰው ጋር የሚያስቀኝ ሌላ ነገር አልነበረኝም። ገዳዩን ለማየት የሄድኩ አይመስለኝም።

የቪዲዮ ቤት ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን እኔ በሌላ በኩል አውቀዋለሁ። የሠፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው ያደግኩት። የድራማ ፊልም ሲመጣ አስተርጓሚ እንፈልግ ነበር፤ እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ልጅ ይኖርና የፈለገውን እየጨመረ ያወራልናል። ስላሸር ግን ትርጉም አይፈልግም! በር ሲንቋቋ በአማርኛም ያው ነው። ማን ጥሩ፣ ማን ክፉ፣ ማን የት እንደተደበቀ ሁላችንም እኩል እናውቃለን። በማግስቱ ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ደግሞ ላላዩት እንተርካለን። ጅቡ እንደሚመጣ እያወቀ «ድገሚልኝ» የሚል ልጅ ታውቁ የለ? እንደዚያ ነበርን።

አሠራሩም ድሃን ያጽናናል። «ሃሎዊን» በ1978 ሲሠራ ጠቅላላ ወጪው ወደ 300 ሺህ ዶላር ነበር። ጭምብሉ «ስታር ትሬክ» በሚባለው የጠፈር ተከታታይ ፊልም ላይ ያለው የካፒቴን ኪርክ ፊት ነው! በ2 ዶላር ገደማ ገዙት፣ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉ፣ ነጭ ቀለም ረጩት። ታሪኩ የጥቅምት ነው፣ የተቀረጸው ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ በፀደይ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ቀለም ቀብተው መሬት ላይ በተኑት። ትዕይንቱ ሲያልቅ ለቀመው ወደ ሌላው ሠፈር ይዘውት ሄዱ። ሙዚቃውን ካርፔንተር ራሱ ነው የሠራው፤ ባለ አምስት ምት ስለሆነ ሰውነት የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። አንድ ሰውዬ በነጭ ፊት ቆሞ ያያል፣ ሌላ ምንም የለም።

የሁለት ልጆች እናት፦
አሠራሩን አደንቃለሁ፣ መርዝም በጥሩ ብልቃጥ ይሸጣል። አንድ ነገር ግን መልሱልኝ። የ1974ቱ የመጋዝ ፊልም፣ «ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር» የሚባለው፣ መነሻው ዊስኮንሲን ውስጥ የተያዘው ነፍሰ ገዳይ ኤድ ጊን ነው። በእውነት የሞቱ ሴቶች አሉ። ለቤተሰቦቻቸው ይህ ምን መዝናኛ ነው?

የሌሊት ተረኛ፦
ይህ ከበድ ይላል። ጊን መጋዝ አልያዘም፣ ቴክሳስም አልነበረም፤ ፊልሙ ከእሱ የወሰደው ትንሽ ነው። ግን ማስታወቂያው «እውነተኛ ታሪክ» ብሎ ሸጦታል፣ ያ ነውር ነው። እኔ ልብ ወለዱን የምመርጠው ለዚህ ነው። የሃሎዊኑ ገዳይ በፊልሙ ስም ዝርዝር ላይ እንኳ «ቅርጹ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ሰው አይመስልም። ሁለተኛው ክፍል መጥቶ የሎሪ ወንድም ሲያደርገው አበላሸው፣ ይቅር የማልለው ነገር ነው።

ስለ ራሴም ልንገራችሁ። ነርስ ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። እውነተኛ ደም ሙዚቃ የለውም። ማቆሚያ ቁልፍም የለውም። ቤቴ ገብቼ ስላሸር የምከፍተው ፍርሃቱ በእጄ ስላለ ነው፤ ከበዛብኝ አጠፋዋለሁ። በኮቪድ ጊዜ ተጠንቶ በ2021 የወጣ ጥናትም ነበር። ሆረር፣ ማለትም አስፈሪ ፊልም፣ የሚወዱ ሰዎች በወረርሽኙ የደረሰባቸው የሥነ ልቦና ጫና ቀለል ያለ ሆኖ ነው የተገኘው።

የሁለት ልጆች እናት፦
መጀመሪያም ልበ ደንዳና የሆነው ሰው ይሆናል ሆረር የሚወደው። ፊልሙ ነው ያጠነከረው ማለት አይቻልም።

የሌሊት ተረኛ፦
አይቻልም፣ ልክ ነሽ። አጥኚዎቹም እንደዚያ አላሉም።

የቪዲዮ ቤት ልጅ፦
እህቴ፣ ለመሆኑ አንዱን እስከ መጨረሻው አይተሽ ታውቂያለሽ?

የሁለት ልጆች እናት፦
አላውቅም። ቅንጭብጫቢ ነው ያየሁት።

ጋሼ ታክሲ፦
ኧረ በሉ ተዉአት!

የሁለት ልጆች እናት፦
ከሁለት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ልጆቹ ሲተኙ የ1978ቱን ሙሉውን አየሁት። ሐሳቤን አልለወጥኩም፣ ለልጆቼም አላሳይም። ግን ያስፈራኝ እናንተ ያወራችሁት አይደለም፣ ቢላውም አይደለም። ሎሪ እያነከሰች መንገድ ላይ ወጥታ እሪ ትላለች። የጎረቤት በር ትደበድባለች። የበረንዳው መብራት ይበራል፣ አንድ ሰው በመስኮት ያያታል። ከዚያ መብራቱን አጥፍተው ዝም። ያደግኩበት ሠፈር እሪ ሲባል ዱላ የያዘውም ነጠላ ያጠለቀውም ይወጣል። ያንን መብራት ሳስብ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ጋሼ ታክሲ፦
አርባ ዓመት እዚህ አገር ኖሬ የግራ ጎረቤቴን ስም አላውቅም። አሁን ገና አስታወስሽኝ።

የቪዲዮ ቤት ልጅ፦
አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፣ መብራቱን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። ማታ እንደገና ልከፍተው ነው።