የእድሩ አዳራሽ ግድግዳ በምን ይሠራ? የጋራ ሐሳባችንን እናርቅቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም የሰፈር ሰዎች። ሐሳቡ ለቀበሌ ከመግባቱ በፊት የግድግዳውን ነገር እንጨርስ። ረቂቁ «ሙሉ በሙሉ ብሎኬትና ሲሚንቶ» ይላል፤ እኔ አልተስማማኝም። በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ገደማው ከሲሚንቶ ነው። ጥፋቱም የነዳጁ ብቻ አይደለም። የኖራ ድንጋዩ እስከ 1450 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ሲያልፍ ድንጋዩ ውስጥ የተያዘው ጋዝ ራሱ ይወጣል፣ ከግማሽ በላዩም ከዚያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ነዳጁ ቢቀየር እንኳ ችግሩ አያልቅም። የሚያዋጣን ሲሚንቶውን መቀነስ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ አቦ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው እኛው ድሬ ነው፣ ሰው ምን ይለናል? ጎርፉንም አትርሱ። የ1998ቱን ያየ ሰው የአፈር ግድግዳ ሲባል ይደነግጣል።

ግንበኛው፦ እህቴ ጎርፉን ማንሳትሽ ልክ ነው። ሲሚንቶ ጨርሶ ይቅር ያለ ሰው የለም። መሠረቱ፣ ኮለኑ (ቋሚው ምሰሶ) እና ቢሙ (አግዳሚው) አርማታ ይሁን። ከዚያ እስከ ወገብ ድንጋይ፣ ከወገብ በላይ የተጨመቀ የአፈር ብሎኬት። አፈሩ ላይ ከ5 እስከ 8 በመቶ ሲሚንቶ ይደባለቃል፣ በማሽን ይጨመቃል፣ እሳት የሚባል አያይም። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ከተጨመቀ በኋላ ነው፤ በእኛ ፀሐይ ዝም ብለህ ካሰጣኸው ይሰነጠቃል፣ ጥላ ሥር ተሸፍኖ እርጥበቱን እንደያዘ መቆየት አለበት። ወፍራም የአፈር ግድግዳ ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያስገባም። በግንቦት ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ይህን ይረዳኛል።

ከሐረር፦ የድንጋዩ ማያያዣ ኖራ ይሁን። ሲሚንቶ ድንጋዩን ሙጭጭ አድርጎ ስለሚይዝ ሲፈርስ አብሮ ይሰብረዋል። በኖራ የተገነባ ግን ተፈልቅቆ ሌላ ቤት ይሠራበታል። እዚህ ጁገል አሮጌዎቹ ቤቶች በድንጋይና በጭቃ ስለተሠሩ፣ ሲታደሱ ያው ድንጋይ ተመልሶ መግባት ይችላል። ኖራ ደግሞ ካርቦን የለውም።

መሃንዲሷ፦ ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ትስተካከል። ኖራም ሲቃጠል ካርቦን ይለቃል። ልዩነቱ 900 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል፤ ሲጠነክር ደግሞ ከድንጋዩ ከወጣው ጋዝ ብዙውን ከአየር መልሶ ይወስዳል፣ የነዳጁን ጭስ ግን አይመልስም። «የለውም» ብለን ከጻፍን አንድ የሚያውቅ ሰው ያነበበው ዕለት የቀረውም ሐሳባችን አብሮ ይወድቃል። «የቀነሰ» እንበል። ኖራው ላይ የተፈጨ ፑሚስ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የሚገኘው ቀላል ድንጋይ ይጨመርበት፣ ኖራ ብቻውን እርጥበት ባለበት ቶሎ አይጠነክርም። ለአርማታውም ዲዛይኑ ከፈቀደ ፒፒሲ የሚባለውን ድብልቅ ሲሚንቶ እንግዛ፤ ከክሊንከሩ፣ ማለትም ከምድጃ ወጥቶ ተፈጭቶ ሲሚንቶ ከሚሆነው፣ ከፊሉ በፑሚስ ስለሚተካ ጋዙ ይቀንሳል። ጥንካሬው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ድጋፉ ቶሎ አይፈታ፣ ውሃ ማጠጣቱም አይቋረጥ።

ጸሐፊ፦ እንዲህ ልጻፈው? «መሠረት፣ ኮለንና ቢም በፒፒሲ አርማታ፤ እስከ ወገብ ድንጋይ በኖራና በፑሚስ፤ ከዚያ በላይ የአፈር ብሎኬት፤ ጣሪያው ግድግዳውን ከዝናብ እንዲከልል ወጣ ያለ።»

ገንዘብ ያዥ፦ አፈሩ ከየት ይመጣል? ከደቻቱ ወንዝ ዳር ከሆነ አልፈርምም።

ግንበኛው፦ የለም የለም፣ ከመሠረቱ ቁፋሮ የሚወጣውን ነው። ሥር ያለበት የላይኛው አፈር ይነሳል። ቅዳሜ ጠርሙስ ውስጥ በውሃ በጥብጠን አሸዋውና ሸክላው ለየብቻ ሲዘቅጥ እናያለን። ሸክላው ከበዛ አሸዋ እንጨምርበታለን።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ። የማሽኑን ኪራይና የአፈሩን ምርመራ በጀት ውስጥ አስገባለሁ። የተራ ብሎኬቱን ዋጋም ጎን ለጎን አምጡልኝ፣ ጉባኤው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።