ጭስ ሳይበዛ ዕጣን የምታጨሱ፣ እስቲ ምከሩኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ማለዳ ከጸሎት በፊት ቀስ ብዬ እየተነፈስኩ ልቤን መሰብሰብ ለምጃለሁ። የዕጣን ሽታ በጣም ያግዘኛል፤ በተለይ የመተማው ሲሸተኝ ሐሳቤ ወዲያው ይረጋል።

ችግሩ ጭሱ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ክፍሏ ጠባብ ናት። ፍም ላይ ጣል ሳደርገው ሙጫው ይቀልጥና ወፍራም ነጭ ጭስ ያወጣል። አየር በረጅሙ ስስብ ሳሉ ያፍነኛል። መስኮት ስከፍት ሽታው ውልቅ ይላል። እንዳልዘጋው ደግሞ በተዘጋ ቤት ከሰል ይገድላል። ጠጅ ሳርና አሪቲም ሞክሬያለሁ። ደስ ይላሉ፣ ግን እንደ ዕጣኑ ውስጤ አይገቡም።

በኤሌክትሪክ ማጨሻ የሞከራችሁ አላችሁ? ሽታው ያው ነው? ወይስ አስቀድሜ አጭሼ፣ ቤቱን አናፍሼ ብቀመጥ ይሻላል? አስም ያለባችሁስ እንዴት ታደርጋላችሁ? ጸሎቴን ያለ ዕጣን ማድረግ በጣም ከብዶኛል፤ እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።