የሚሰራ ኮድ ይነካ ወይስ አይነካ? የሪኩዌስት ሶክ ክርክር

አዘዞ፦ ሰላም ጓዶች፣ ቅዳሜ ፒያሳ ቡና ላይ የጀመርነው አላለቀም እዚህ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ ባጭሩ፣ ሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ አንድ ሰው ሲን (የግንኙነት መጠየቂያ ፓኬት) ልኮ የመጨረሻዋ አክ (ማረጋገጫዋ) እስክትመጣ ድረስ ያለውን ገና ያላለቀ ግንኙነት የሚይዝ ትንሽዬ ስትራክት (የፊልዶች ጥቅል) አለች፣ ድሮ ኦፕን ሪኩዌስት ነበር ስሟ፣ የቲሲፒ (የተለመደው የኢንተርኔት ማጓጓዣ ፕሮቶኮል) ብቻ ነበረች። በ2005 እ.ኤ.አ አርናልዶ ካርቫሎ ዴ ሜሎ የሚባለው ብራዚላዊ ሪኩዌስት ሶክ ብሎ ለሌላም ፕሮቶኮል እንድትሆን አድርጎ ከፋፈላት፣ ከርነል 2.6.13 ላይ ገባ። ይሄ ሁሉ ዲሲሲፒ ለሚባል ሌላ የማጓጓዣ ፕሮቶኮል መንገድ ለመጥረግ ነው፣ እሱም 2.6.14 ላይ መጣ። አሁንስ? በ2025 ዲሲሲፒ ከ6.16 ተነቅሎ ወጣ። ለማይቆይ እንግዳ ተብሎ የሚኖሩበት ቤት ይፈርሳል ወይ? እኔ አይፈርስም ነው የምለው

ማራኪ፦ አረ ማን አፈረሰው! ድሮ እኮ የአይፒቪ4 እና የአይፒቪ6 አድራሻ አንድ ዩኒየን (አንዱን የሜሞሪ ቦታ የሚጋሩ ፊልዶች) ውስጥ ነበሩ፣ ዩኒየን ደግሞ የትልቁን ያህል ቦታ ነው የሚይዘው። የ4 ሁለት አድራሻ 8 ባይት ነው የ6 ግን 32፣ ስለዚህ አይፒቪ6 የበራበት ማሽን ላይ እያንዳንዷ የ4 ጥያቄ የማትነካውን ቦታ ይዛ ትቀመጣለች። አንድ ሁለት ብትሆን ምንም አይደል፣ ሲን ፍለድ (የሲን ጎርፍ ጥቃት) ሲመጣ ግን እነዚህ ናቸው በሺ የሚፈለፈሉት። ከተከፋፈለ በኋላ ሁሉም በልኩ የራሱን ስላብ (በአንድ መጠን የተዘጋጀ የሜሞሪ ክምችት) አገኘ። ይሄ ጥቅም ዲሲሲፒ ኖረም ሞተም ያው ነው

አዘዞ፦ እሱን ብቻ ማስተካከል ይቻል ነበር እኮ ሁሉን ስም ሳይለውጡ። ፋሲል ግቢ ሂጅና እይ፣ ኢያሱ የራሱን ግንብ ሲሰራ የፋሲለደስን አልነካም፣ ዳዊትም በካፋም እንደዛው፣ ጎን ለጎን ነው የሰሩት። ዲሲሲፒም የራሱን ስትራክት ጎን ላይ ይሰራ ነበር

ማራኪ፦ ግንቡስ እሺ፣ ግን ሁሉም አንድ አጥር ውስጥ ነው ያሉት፣ ወደ 900 ሜትር የሚሆን አንድ ቅጥር። እያንዳንዱ ንጉሥ የየራሱን አጥር ቢያጥር መተላለፊያ አይኖርም ነበር። ጎን ለጎን ማለት ኮድ ላይ ኮፒ ፔስት ማለት ነው፣ ባክሎግ (ሰልፍ ላይ ያሉትን) መቁጠሩ ሲን አክ (የሲን መልስ) ደግሞ መላኩ ታይመሩ ሁሉ ሁለት ቦታ፣ አንዱ ላይ ባግ ሲስተካከል ሌላው ይረሳል

ፒያሳ፦ እኔ አዘዞን አንድ ነገር ላይ እደግፈዋለሁ። 2017 ላይ ዲሲሲፒ ውስጥ ደብል ፍሪ (አንዱን ሜሞሪ ሁለቴ የመልቀቅ ባግ) ተገኝቶ ተራ ተጠቃሚ ሩት (የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን) መሆን ይችል ነበር፣ ከ10 ዓመት በላይ ማንም ሳያየው

ማራኪ፦ እሱ የዲሲሲፒ ነው እንጅ የሪኩዌስት ሶክ አይደለም! ሊስን ላይ ያለ (ግንኙነት የሚጠብቅ) ሶኬት የዲሲሲፒ የሪኩዌስት ፓኬት ሲደርሰው ሜሞሪውን ሁለቴ ስለሚለቅ ነው። ለየብቻው ቢሰራም ያው ባግ ይኖር ነበር፣ ሁለቱን አታደባልቁብን እባካችሁ

ጋሼ፦ ልጆች እኔም ልግባ። የምሰራበት ቦታ የምዝገባ ቀን ሰርቨሩ አልገናኝም አለን፣ ሎጉን ስከፍት "ሪኩዌስት_ሶክ_ቲሲፒ፦ ፖሲብል ሲን ፍለዲንግ" ይላል። ሁሉም ተጠቃን ብሎ ተሯሯጠ። ጥቃት አልነበረም፣ የጥያቄዎቹ ሰልፍ ነው የሞላው። ከርነሉ ከ5.4 በፊት ስለነበር ሶማክስኮን (የሰልፉ ጣሪያ) 128 ነው፣ ከዛ በኋላ ነው 4096 የሆነው፣ እሱንም አፕሊኬሽኑ ሊስን ሲል የሚሰጠውንም ቁጥር ከፍ አድርገን ተገላገልን። እና ያቺ ስም ሎጉ ላይ የወጣችው ለየፕሮቶኮሉ የየራሱ ስላብ ስላለው ነው፣ የማንን ሰልፍ እንደምፈትሽ ወዲያው ነገረችኝ። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አትርሱ፣ ድሮ እነዚህ ጥያቄዎች ሊስነሩ (የሚጠብቀው ሶኬት) ጉያ ውስጥ ነበር የሚቀመጡት፣ አንድ ሲን በመጣ ቁጥር የሊስነሩን ሎክ (አንድ በአንድ ብቻ የሚያስገባ ቁልፍ) መያዝ ነው፣ ሲፒዩ ብታበዛም ሁሉም እዛች በር ላይ ይጋፋል። በ2015 የከርነል ሰሪው ኤሪክ ዱማዜ ወደ ጋራው ሃሽ ቴብል (ሶኬቶች የሚፈለጉበት ሰንጠረዥ) አወጣቸውና 4.4 ላይ ሊስነሩ ያለ ሎክ መስራት ጀመረ። ጥያቄዋ ራሷን የቻለች ትንሽ ሶኬት ባትመስል ኖሮ እዛ ቴብል ውስጥ እንዴት ትገባ ነበር?

አዘዞ፦ ጋሼ እርስዎ ያሉትን አልክድም፣ ያንን አላሰብኩበትም ነበር። ግን የ2005ቱ ሰውዬ የ2015ን አይቶ አይደለም የሰራው

ማራኪ፦ አላየም፣ ግን ለሁለት ፕሮቶኮል ሲያስብ ለሶስተኛውም በር ከፈተ። ኤምፒቲሲፒ (አንዱን ግንኙነት በብዙ መንገድ የሚያስኬደው ቲሲፒ) በ2020 ከርነል 5.6 ላይ ሲገባ የራሱን የሰብፍሎው (የአንዱ መንገድ) ጥያቄ ሲሰራ ምን አደረገ፣ የቲሲፒዋን ሪኩዌስት ሶክ መጀመሪያ ላይ አስቀምጦ የራሱን ፊልዶች ከስር ጨመረ፣ አለቀ። ይሄ እንግዳ ደግሞ እስካሁን አለ

አዘዞ፦ እሺ እንግዳው ላይ ተሸንፌያለሁ። የቀረኝ ግን አንድ ነው፣ እሱን ማንም አልመለሰልኝም። ሪኩዌስት ሶክ፣ በላዩ ኢኔት (የአይፒ ክፍሉ)፣ በላዩ ቲሲፒ፣ ይሄ ሁሉ ድርብርብ የቆመው የመጀመሪያው አባል ቦታውን እንዳይለቅ በሚል ስምምነት ነው፣ ከዛ ፖይንተሩን (የሜሞሪ አድራሻውን) ካስት ማድረግ፣ ማለትም እንደ ሌላ ዓይነት መቁጠር ብቻ ነው። የቲሲፒ ያልሆነችውን ጥያቄ ቲሲፒ ናት ብዬ ካስት ባደርግ ኮምፓይለሩ አፉን አይከፍትም፣ የሌላ ሰው ሜሞሪ እየጻፍኩ ነው። ለጀማሪ ይሄ ገደል ነው

ጋሼ፦ ይሄ እንኳን እውነት ነው። በል ቅዳሜ ላፕቶፕህን ይዘህ ና፣ ካስቶቹን አንድ በአንድ እናያቸዋለን፣ ማራኪም ትምጣ

ማራኪ፦ እመጣለሁ፣ የድሮውን 2.6.12 ሶርስም አውርጄ ጎን ለጎን ከፍቼ አመጣለሁ