«አይአርኪው 16፦ ኖባዲ ኬርድ» የሚል መልእክት ምን ማለት ነው?

ጠያቂ (ቸርችል ጎዳና)፦ ጤና ይስጥልኝ። በቢሮአችን ፋይል የምንጋራበት አሮጌ ኮምፒውተር በሊኑክስ ይሠራል። ያገለገለ የኔትወርክ ካርድ ከጨመርንበት ወዲህ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ይነሳና ትንሽ ቆይቶ ይህን መልእክት ያወጣል፤ ቀጥሎም «ዲሴብሊንግ አይአርኪው 16» ይላል። ከዚያ ኔትወርኩ ይንቀረፈፋል፤ የሚገርመው የዩኤስቢ ማውዙም አብሮ ይጎተታል። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

አራት ኪሎ፦ መልእክቱ ራሱ ይነግርሻል። በማስነሻው የትእዛዝ መስመር ላይ «አይአርኪውፖል» የሚለውን አማራጭ ጨምሪና ተገላገዪ።

ካዛንቺስ፦ እሱ ማስታገሻ ነው፤ ፕሮሰሰሩንም በከንቱ ያደክማል። አይአርኪው መሣሪያዎች ፕሮሰሰሩን ለአገልግሎት የሚጠሩበት መስመር ነው፤ ጥሪው ኢንተራፕት ይባላል። በ16ኛው መስመር የኢንተራፕት ጥሪ ሲመጣ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) መስመሩን የሚጋሩትን ድራይቨሮች (መሣሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሱትን ፕሮግራሞች) በየተራ ይጠይቃል። ሁሉም «የእኔ አይደለም» ካሉና ከ100,000 ጥሪዎች ከ99,900 በላይ ባለቤት ካጡ «ኖባዲ ኬርድ» (ማንም ግድ አላለውም) ብሎ መስመሩን ይዘጋዋል፤ ባይዘጋው ፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራ ባልሠራ ነበር። ከተዘጋ በኋላ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ብቻ ይቃኘዋል። ማውዙ የሚጎተተውም ለዚህ ይመስለኛል። «ፕሮክ» ከሚለው ማውጫ ውስጥ «ኢንተራፕትስ» የሚባለውን ፋይል ክፈቺና 16ኛው ረድፍ ላይ እነማን እንዳሉ ንገሪን።

ጠያቂ፦ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያውና አዲሱ ካርድ። አንድ ባለሙያ በማስነሻው ላይ «ኖአፒክ» ጨምሪ ብሎኛል፤ ልሞክረው?

ለገሐር፦ ተዪው እህቴ! እሱ የኢንተራፕት ጥሪ ወደሚያስተናግዱት ወደ ድሮዎቹ ሁለት 8259 ቺፖች ይመልስሻል፤ ያላቸው 16 መስመር ብቻ ነው፣ አንዱም ቺፖቹን ለማያያዝ የተያዘ ነው። መጋራቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ይልቅ ካርዱን ሌላ ስሎት (የካርድ መሰኪያ) ላይ ሰኪው፤ መስመሩ ሊቀየር ይችላል። ካልሆነ ባዮሱን (የማዘርቦርዱን የማስነሻ ፕሮግራም) አድሺ። የትኛው ስሎት በየትኛው መስመር እንደሚጠራ ለከርነሉ የሚነግረው ሠንጠረዥ ከዚያ ስለሚመጣ፣ እሱ ከተሳሳተ ጥሪው በአንዱ መስመር ሲመጣ ድራይቨሩ በሌላው ይጠብቃል። ያለ ዩፒኤስ ግን እንዳትሞክሪው፤ ባዮስ እየታደሰ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱን ልታጪው ትችያለሽ።

ጠያቂ፦ ስሎቱን ቀየርኩት። ዩኤስቢው 16 ላይ ቀረ፣ ካርዱ ወደ 18 ሄደ። ማውዙ ደህና ነው፤ መልእክቱ ግን አሁን በ18 ይመጣል።

ካዛንቺስ፦ እንግዲያው ጥርጣሬው ካርዱና ድራይቨሩ ላይ ነው። ባዮሱን ከመንካትሽ በፊት ካርዱን ሊኑክስ ያለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሪው። እዚያም ያው ከሆነ አዲስ ከርነል ጭነሽ እዪ፤ ካልተሻለው ለሻጩ መልሺለት።